የሲስተር ነጥብ አደላደል

ሲስተር እግራቸው የተሰበረው ሰው ሲቆጡ ነው። ጡረታ ከወጡ ሁለት ዓመት ቢያልፋቸውም፣ ሠላሳ አራት ዓመት ያገለገሉበትን ሆስፒታል «እስቲ ያለእኔ እንዴት ሆነው ይሆን» ብለው ሊያዩ ሄደው፣ ደረጃው ላይ ውሃ ፈስሶ፣ የማስጠንቀቂያው ምልክት ደግሞ ግድግዳ ተደግፎ አገኙ። «ይሄ ደረጃ አንድ ቀን ሰው ይገድላል!» ብለው ጣታቸውን ወደ ላይ ቀስረው ሲጮኹ፣ ደረጃው ቀን አልቀጠረም። ዘጠኙንም እርከን ተንሸራተው ወረዱ። ግራ እግራቸው ከጉልበታቸው በታች ሁለት ቦታ ተሰበረ። ወለሉ ላይ ተዘርግተው እንኳ ቃሬዛ ይዘው የመጡትን ልጆች «በእግር በኩል አይደለም፣ በራስጌ በኩል ያዝ!» እያሉ ሲያሠለጥኑ ነበር ይባላል።

ጄሶው ስምንት ሳምንት እንደሚቆይ ተነገራቸው። የሚኖሩት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን ስለሆነ፣ አንድያ ልጃቸው እምቢታቸውን ከቁም ነገር ሳትቆጥር ዕቃቸውን ሸክፋ ወደ ራሷ ቤት ወሰደቻቸው። ልጃቸው የተማሪዎች አውቶቡስ ሹፌር ናት፤ ጎህ ሲቀድ ወጥታ አመሻሹ ላይ ትገባለች። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ከሲስተር ጋር የሚውለው አማቻቸው ሆነ።

አማቻቸው ፍሪጅ ጠጋኝ ነው። የቤቱ የፊት ክፍል ወርክሾፑ ነው፤ እዚያ ያልበቃቸው ፍሪጆች ኮሪደሩን ይዘው፣ በራቸው ገርበብ ብሎ፣ ሐኪም እንደሚጠብቅ ሰው ተሰልፈው ይቆማሉ። እሱና ሲስተር በስድስት ዓመት ውስጥ ያወሩት ሁሉ ቢሰበሰብ አንድ ገጽ አይሞላም። እንዴት ዋሉ፣ እንዴት ዋልክ፣ ዛሬ ሞቀ፣ አዎ ሞቀ። እሱ ሲስተርን ሲያይ አንገቱን ይሰብራል፤ እሳቸው ደግሞ ዝም ያለ ሰው ሲያዩ የሚደብቀው ነገር ያለው ይመስላቸዋል።

በሁለተኛው ቀን የሚደብቀውን ያገኙ መሰላቸው። ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ወርክሾፑን ዘጋ፤ እጁን በሳሙና እስከ ክርኑ ታጠበ፤ ይህንን እንኳ ወደዱለት። ሳሎን ጥግ ካለው ኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ደፋ። ከዚያ ያ በቀን ስድስት ቃል የማይናገር ሰው «ግባበት! በጎኑ ግባበት! ምላጭ! ምላጭ! አትልቀቀው!» እያለ ቤቱን አናጋው።

ሲስተር ሶፋው ላይ እግራቸውን ሁለት ትራስ ላይ እንደሰቀሉ ክው አሉ። ስልካቸውን አንስተው ወደ ልጃቸው ደወሉ።

«ባልሽ ሰው በምላጭ እያስወጋ ነው።»

«እማዬ፣ ምላጭ ጸጉር አስተካካዩ ጓደኛው ነው። ጌም ነው የሚጫወቱት። ተይው፤ እኔም ትቼዋለሁ» አለችና ልጃቸው ዘጋችባቸው።

የሚሠሩት ሌላ ነገር ስላልነበራቸው ሲስተር ማየት ጀመሩ። ነገሩ እንዲህ ነው። አራት ሰዎች ከመሬት በታች ወዳለ አንድ ቤተ መንግሥት ይገባሉ። ሰባት አዳራሽ አልፈው መጨረሻው ላይ የድንጋዩ ንጉሥ የሚባል፣ ቤት የሚያህል ፍጡር ያገኛሉ፤ እሱም ጨፍልቋቸው ወደ በሩ ይመልሳቸዋል። ከአራቱ እያንዳንዱ የራሱ ሙያ አለው፤ ክላስ ይሉታል። አማቻቸው ተዋጊ ነው፤ ስሙንም «ነጎድጓድ» ብሎታል። ምላጭ አስማተኛ ነው። ቲቸር የሚሏት የጂኦግራፊ አስተማሪ ቀስተኛ ናት። አራተኛው ፈዋሽ ነበር፤ አንድ የታክሲ ሹፌር። ከጭንቅላታቸው በላይ ቀይ መስመር አለ፤ እሱ ዕድሜያቸው ነው። ሰማያዊ መስመርም አለ፤ እሱ ደግሞ አስማቱ የሚሠራበት ኃይል ነው። ይህን ሁሉ ሲስተር ማንንም ሳይጠይቁ በሦስት ቀን ደረሱበት። የበሽተኛ መቆጣጠሪያ ሲያነቡ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ቀይና ሰማያዊ መስመር አያቅታቸውም።

በአራተኛው ቀን ታክሲ ነጂው ጥሏቸው ሄደ። አማቻቸው ማዳመጫውን አውልቆ ድምፁን ለቅቆት ስለነበር ሲስተርም ሰሙ።

«እናንተ ስትሞቱ የምሰደበው እኔ ነኝ። ስታሸንፉ ግን ስሜን የሚያነሳ የለም! ፈዋሹን ከነዕቃው ትቼላችኋለሁ፤ የፈለጋችሁትን አድርጉት። በቃኝ!»

ሲስተር ሶፋው ላይ ቀና አሉ። ሰውየውን አይተውት አያውቁም፤ ግን አንጀታቸውን በላው። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ሊሉት አስበው ያልወጣላቸውን ነገር ነው በአንድ ትንፋሽ የዘረገፈው።

የቀሩት ሦስቱ «ያለእሱም እንሞክር» ብለው ገቡ። አርባ ሰከንድ አልቆዩም። ነጎድጓድ ቀይ መስመሩ ተሟጦ እንኳ ጎራዴውን እየወዘወዘ ወደ ንጉሡ ሲሮጥ ሲስተር ከዚህ በላይ መቻል አቃታቸው።

«ያ ሰውዬ ደሙ እየፈሰሰ ለምን ይሮጣል?»

አማቻቸው ዞሮ አያቸው። ነጎድጓድ ተጨፈለቀ።

«ተረኛው ማነው? አንድ ሰው ሲወድቅ ማን ነው የሚያየው? ያቺ ቀስት የያዘችው ለምንድነው መሐል ላይ የቆመችው? ይሄ እኮ ጦርነት አይደለም፤ አደጋ ነው!»

አማቻቸው ቆሽቱ አርሮ ነበር። «ታዲያ ለምን እርስዎ አይገቡም፣ ሲስተር?» አለ። ለነገር ነው እንጂ ከልቡ አልነበረም።

«አምጣው» አሉ ሲስተር።

አሮጌውን ላፕቶፕ አምጥቶ ጭናቸው ላይ ሲያስቀምጥ እየሳቀ ነበር። ሲስተር ግን መነጽራቸውን አድርገው «መመሪያው የታለ?» ብለው ጠየቁ። መመሪያ የሚባል ነገር መኖሩን አያውቅም ነበር። ፈልጎ አገኘላቸው፤ ስልሳ ሁለት ገጽ ነው። ሲስተር ሁለት ቀን እስክሪብቶ ይዘው፣ የአዲስ መድኃኒት ወረቀት እንደሚያነብ ሰው፣ ከነግርጌ ማስታወሻው አነበቡት። ሦስቱ ሰዎች በሁለት ዓመት ያላወቁትን ነገር አገኙ። ቀይ መስመሩ ለሞላ ሰው የሚሰጥ ፈውስ ብክነት ነው። አረንጓዴው ፋሻ የሚሉት የፈውስ ዓይነት እየሮጠ ላለ ሰው ግማሹን ብቻ ነው የሚሠራው። ደግሞም «የመርሳት ምንጭ» የሚባል ቦታ አለ፤ ከዚያ የጠጣ ሰው እስከ ዛሬ ያደለውን ነጥብ ሁሉ መልሶ አዲስ መደልደል ይችላል፤ በሳምንት አንዴ።

ነጥብ ማለት እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ መቶ ነጥብ አለው፤ ለጉልበት፣ ለጽናት፣ ለፍጥነት፣ ለጥበብና ለግርማ ሞገስ ያከፋፍለዋል። ሲስተር የታክሲ ነጂውን ፈዋሽ ወደ ምንጩ ወስደው አጠጡት፣ «ተረኛ» የምትባል ሴት አደረጉት፣ መቶውንም ነጥብ ፈውስ የሚያበዛው ጥበብ ላይ አፈሰሱት። ከዚያ ቡድኑን ለቅዳሜ ከሰዓት ቤት አስጠሩት።

ምላጭና ቲቸር ለቀልድ መስሏቸው እየተሳሳቁ መጡ። ሲስተር ግን ለሦስቱም ካርድ አዘጋጅተው ጠበቋቸው። በደረቅ ወረቀት ላይ በማስመሪያ የተሰመረ ነው፦ የተዋጊው ስም፣ ክላስ፣ ቅሬታ፣ ምርመራ፣ ትእዛዝ።

«መጀመሪያ አንተ» አሉ ምላጭን። «ከመቶ ነጥብ ሰባውን ግርማ ሞገስ ላይ ነው ያደረግኸው። ምን ይሠራል?»

ምላጭ አገጩን ዳሰሰ። «ጺሜ ያበራል።»

«ጠላት ሲመጣስ?»

«ጠላትም ያየዋል።»

ሲስተር ካርዱ ላይ የሆነ ነገር ጻፉና ወደ ቲቸር ዞሩ። ቲቸር ለጉልበት ሃያ፣ ለጽናት ሃያ፣ ለፍጥነት ሃያ፣ ለጥበብ ሃያ፣ ለግርማ ሞገስም ሃያ ነው የሰጠችው።

«ልጄ፣ ቀስተኛ በግርማ ሞገስ ምን ታደርጋለች?»

«ማበላለጥ አልወድም፣ ሲስተር።»

«እነዚህ እኮ ተማሪዎች አይደሉም፤ ቁጥሮች ናቸው።»

«አውቃለሁ» አለች ቲቸር አቀርቅራ። «ግን ዜሮ መስጠት እጄ እምቢ ይለኛል።»

አማቻቸው እስካሁን ግድግዳ ተደግፎ በሁለቱ ይስቅ ነበር። ተራው ሲደርስ ሳቁን አቆመ። ነጎድጓድ መቶውም ነጥቡ ጉልበት ላይ ነው። ሲመታ ግንብ ይንዳል፤ ሲመታው ግን የሌሊት ወፍ እንኳ ይገድለዋል።

«አንተ» አሉ ሲስተር፣ «ጋሻ ትይዛለህ። ሰባ ነጥብ ወደ ጽናት። ፊት ቆመህ ዱላውን ትቀበላለህ፤ ሌሎቹ ከኋላህ ይሠራሉ።»

«አይሆንም።»

«ምን ማለት ነው አይሆንም?»

«ነጎድጓድን ሁለት ዓመት ነው የሠራሁት። እኔ የማንም መጋረጃ አልሆንም። ሌላ ሰው ፈልጉ።»

«አንድ ክፍል ውስጥ ሁሉም ቀዶ ጥገና ካላደረግሁ ካለ፣ በሽተኛውን ማን ያገላብጠዋል? ደሞ በዚህ አያያዝህ እኮ…»

«ሲስተር!» አለ አማቻቸው። ድምፁን ከፍ አድርጎባቸው አያውቅም ነበር። «እርስዎ የእኔን ምርመራ ከስድስት ዓመት በፊት ጨርሰዋል። ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት። አሁን ካርድ ምን ያደርግልዎታል?»

ይህን ብሎ ወደ ወርክሾፑ ገባና በሩን ዘጋ። ወዲያው የመዶሻ ድምፅ ተሰማ፤ ፍሪጅ ደግሞ በመዶሻ አይጠገንም። ምላጭ «እኔ እንኳ ሱቁን ሳልዘጋ ነው የመጣሁት» አለ። ቲቸር ደግሞ የምታርመው ፈተና እንዳለ ትዝ አላት። ሁለቱም በአንድ በር ተጋፍተው ወጡ።

ሲስተር ብቻቸውን ቀሩ። ከስድስት ዓመት በፊት ምን ብለው ይሆን? ሰው የተናገራቸውን አይረሱም፤ እሳቸው የተናገሩትን ማስታወስ ግን ልማዳቸው አልነበረም። አመሻሽ ላይ ልጃቸው ገብታ ጫማዋን ሳታወልቅ ጠየቋት።

ልጃቸው ክራንቻቸውን ከሶፋው ላይ አንስታ አጠገባቸው ተቀመጠች። «ፍሪጁን ያመጣልሽ ቀን እማዬ። ልንጋባ ሳምንት ሲቀረን። በገዛ እጁ አድሶ፣ ከምላጭ ጋር ተሸክመው ወደ ሦስተኛ ፎቅ ሲያወጡት ሁለተኛው ላይ ወገቡን ያዘው። ያኔ የእሱም ዘመዶች፣ የእኛም ዘመዶች ደረጃው ላይ ቆመው ነበር። አንቺ ምን አልሽ?»

«ምን አልኩ?»

«‹የራሱን ወገብ ያልቻለ ልጄን ሊሸከም ነው?› አልሽ።»

ሲስተር አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። «ቀልድ ነበር እኮ!»

«ቀልድ ነበር። ሁሉም ስቋል። እሱ ብቻ አልሳቀም፤ ቀና ማለት አቅቶት እንደጎበጠ ነበር።»

በነጋታው እሑድ ቤቱ ውስጥ ሰላምታ ብቻ ተነገረ። ሰኞም እንዲሁ። ማክሰኞ ከሰዓት ሲስተር ዝምታው ሲከብዳቸው ላፕቶፑን ከፍተው፣ ልምምድ ይሆነኛል ብለው ተረኛን ብቻዋን ወደ መጀመሪያው አዳራሽ አስገቧት። ድራጎን የለ፣ ንጉሥ የለ፤ ጥግ ላይ አንዲት አይጥ ነበረች። አይጧ ተረኛን ገደለቻት። ሲስተር እንደገና ገቡ። አይጧ እንደገና ገደለቻት። አማቻቸው ከወርክሾፑ ሆኖ ያንን የሞት ጥሩንባ አንዴ፣ ሁለቴ፣ አምስቴ ሰማ። በስድስተኛው መፍቻ እንደያዘ ወጣና በሩ ላይ ቆመ። ለመናገር አልፈለገም ነበር፤ ግን እንዲህ ያለ ነገር እያዩ ዝም ማለት የማይችል ሰው እሱም ነበር ለካ።

«ሲስተር፣ ምን እየገደለዎት ነው?»

«አይጥ» አሉ ሲስተር፣ ዓይናቸውን ሳያነሱ።

«አይጥ?»

«ትልቅ ናት።»

ጠጋ ብሎ ስክሪኑን አየ። የተረኛን የነጥብ ገጽ ከፈተ። ጥበብ መቶ። ጉልበት ዜሮ፣ ጽናት ዜሮ፣ ፍጥነት ዜሮ፣ ሌላውም ዜሮ። እሱም መፍቻውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«ሁሉንም ለሌላ ሰው ነው የሰጡት። ለራስዎስ?»

«ነርስ የምትቆመው ለበሽተኛ ነው።»

«እሺ፣ ነርሷ በአይጥ ከሞተች በሽተኛውን ማን ያያል? እኔን ሁሉን ነገር ጉልበት ላይ አፈሰስክ ብለው ተቆጡ። እርስዎስ ያደረጉት ምንድነው? በሽታችን እኮ አንድ ነው።» ትንሽ አሰበና ጨመረ፦ «ደሞ እግርዎ የተሰበረው ተረኛ ባልሆኑበት ቀን ነው።»

ሲስተር መነጽራቸውን አወለቁ። በሥራ ዘመናቸው «ተሳስቻለሁ» ሲሉ የሰማቸው ሰው የለም፤ ሐኪሞቹ እንኳ ደፍረው አልጠየቋቸውም። ስለዚህ የሚያውቁትን አደረጉ። የነጎድጓድን ካርድ ከጠረጴዛው ላይ ሳብ አድርገው፣ «ምርመራ» ከሚለው ሥር የጻፉትን በአንድ መስመር ሰረዙና አዲስ ጻፉበት። ጊዜ ወሰደባቸው። ሲጨርሱ ቀን ጽፈው ፈረሙበትና ዘረጉለት።

አማቻቸው አነበበው። «ከስድስት ዓመት በፊት ደረጃ ላይ የተሰጠው ምርመራ የተሳሳተ ነበር። የተሰጠው በሽተኛው በወቅቱ ሳይመረመር፣ ሰው ለማሳቅ ነው። ልጄን በደንብ ተሸክሟል። ፍሪጁም እስከ ዛሬ ይሠራል።»

ሁለቴ አነበበው። አጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው፤ ኪሱ ላይ የነበረው ቅባት ወረቀቱን ነካው፤ መልሶ አውጥቶ በሸሚዙ ጠረገውና በሌላኛው ኪስ ከተተው።

«አሁን አይጧን እንግደል» አለ፣ ወንበር ስቦ።

ቅዳሜ ዕለት በአሥራ አንድ ሰዓት አራቱም ተገናኙ፤ ምላጭና ቲቸር በየቤታቸው፣ አማቻቸውና ሲስተር ሳሎን ውስጥ። ሁሉም ከምንጩ ጠጥተዋል። ምላጭ ሰባውንም ነጥብ ከግርማ ሞገስ አንስቶ ጥበብ ላይ አድርጓል፤ ጺሙ መብራቱ ጠፍቶ ተራ ጺም ሆኖ ሲያየው ቅስሙ ተሰብሮ ነበር። ቲቸር ስልሳ ለፍጥነት፣ አርባ ለጉልበት ሰጥታ፣ ለሦስቱ ዜሮዎች በየተራ ይቅርታ እንደጠየቀች ተናዘዘች። ሲስተር ከፈውሱ ሠላሳ ቀንሰው ለራሳቸው ጽናት ሰጡ። ነጎድጓድ ደግሞ ከቁመቱ የሚበልጥ ጋሻ ይዞ፣ ጎራዴውን አሳጥሮ ብቅ አለ።

ስድስቱን አዳራሾች ከዚህ በፊት ባላዩት ጸጥታ አለፏቸው። ሰባተኛው ውስጥ የድንጋዩ ንጉሥ ተነሳ። ምላጭ «ጉድ ፈላ» አለ።

«ማንም እንዳይነካው!» አሉ ሲስተር። ደረታቸው ላይ ከምትንጠለጠለው ከነርስነት ዘመናቸው ሰዓት ላይ ዓይናቸውን ጣሉ። «መጀመሪያ ትንፋሹን እንቁጠር።»

«ትንፋሹን?»

«ደረቱ ከፍ ዝቅ ይላል፤ አታዩም? ያለ ፈዋሽ ገብታችሁ ስትሞቱም፣ ከዚያ በፊት ስትሞቱም አይቻለሁ። አሥራ አንድ ይተነፍስና በአሥራ ሁለተኛው መሬቱን ይመታል። በአሥራ አንደኛው ላይ ሁላችሁም ከጋሻው ኋላ። ቲቸር፣ ጮክ ብለሽ ቁጠሪ።»

ቲቸር ክፍል ውስጥ እንደምትቆጥረው ቆጠረች። አሥራ አንድ ስትል ሦስቱም ከነጎድጓድ ኋላ ተኮለኮሉ። ንጉሡ ክንዱን አወረደው፤ ጋሻው ተንቀጠቀጠ፤ የነጎድጓድ ቀይ መስመር ሲሶ ወረደ፤ ሰውየው ግን ቆሞ ነበር። በሁለት ዓመት ውስጥ ያንን ምት የተቀበለና የቆመ ሰው የመጀመሪያው እሱ ሆነ። አማቻቸው ስክሪኑ ላይ አፍጥጦ «ቆምኩ» አለ፣ ራሱ ለራሱ። «ሲስተር፣ ቆምኩ እኮ!»

«አየሁ፣ የኔ ልጅ። አትንቀሳቀስ፤ ፋሻው እየሠራ ነው።»

እንዲህ እየተቆጠረ፣ እየተመታ፣ ቁስል እየታሰረ ሩብ ሰዓት ያህል ሄዱ። መሐል ላይ የውጭው በር ተንኳኳ። አንዲት ደንበኛ ናት፤ «ፍሪጄ አልደረሰም ወይ?» ትላለች።

«ገና አልነቃም!» ብለው ጮኹ ሲስተር ከሶፋው። «ነገ መጥተው ይጠይቁት!»

ሴትዮዋ ደንግጣ ሄደች።

የንጉሡ ዕድሜ ሩብ ሲቀረው ምላጭ ነገር አበላሸ። ድሉ የደረሰ መስሎት፣ በስምንተኛው ትንፋሽ ላይ ከጋሻው ወጥቶ በሁለት እጁ እሳት እየረጨ ሲጨፍር የንጉሡ ክርን አገኘው። ወደቀ። ቀይ መስመሩ ጭላንጭል ሆነ።

«ሲስተር! ሲስተር፣ ፈውስ!»

ሲስተር ሰማያዊ መስመራቸውን አዩ። ለሁለት ሰው ይበቃል፤ ለሦስት አይበቃም። እንዲህ ያለ ሒሳብ በሕይወታቸው ስንት ጊዜ እንደሠሩ እሳቸው ናቸው የሚያውቁት።

«ይሙት» አሉ።

«እየሰማሁ ነው እኮ!» አለ ምላጭ።

«ስማ! ሁለቱን አድናለሁ። አንተ ተኛ።»

ምላጭ ሞተ። ሞቶም ማጉረምረሙን አላቆመም፤ ድምፁ ከወዲያኛው ዓለም እንደሚመጣ ሰው ይሰማ ነበር። ንጉሡ አሥራ አንደኛውን ተነፈሰ። ነጎድጓድ ጋሻውን አነሳ፤ ምቱ ሲያርፍ ጋሻው ለሁለት ተሰነጠቀ፤ የሰውየውም ዕድሜ ክር አከለ። የቲቸርም እንዲሁ። ሲስተር አንዱን ፈውስ ከምቱ በፊት ለጋሻ ያዡ ሰጥተውት ስለነበር የቀራቸው አንድ ብቻ ነው። ጣታቸው ቁልፉ ላይ እንዳለ ቆመ። ዕድሜ ልካቸውን ይህን ሲወስኑ አንድም በሽተኛ አማክረው አያውቁም።

«ለማን ልስጥ?» ብለው ጠየቁ።

አማቻቸው ዞሮ አያቸው። «ለቲቸር» አለ። «እሷ ትጨርሰው። እኔ እርስዎ ፊት እቆማለሁ።»

ፈውሱን ለቲቸር ሰጡ። ነጎድጓድ በተሰነጠቀ ጋሻ ከተረኛ ፊት ቆመ፤ ንጉሡ ጨፈለቀው። ተረኛ አልተነካችም። ቲቸር ከጎን ሦስት ቀስት ተኮሰች፤ አንዱ ሳተ፣ አንዱ ነጠረ፣ ሦስተኛው የንጉሡ ብብት ውስጥ ገባ። ያ ሁሉ ድንጋይ መጀመሪያ ተንበረከከ፣ ከዚያ አቧራ ሆነ።

ከዚያ ሞቶ ሰባት ደቂቃ የሆነው ምላጭ ከሁሉም በላይ ጮኸ። ልጃቸው በር ከፍታ ስትገባ እናቷ ክራንች ወደ ላይ አንስተው፣ ባሏ ደግሞ ከወንበሩ ወርዶ የእናቷን ጄሶ አቅፎ አገኘቻቸው። ወደ ኮሪደሩ ተመልሳ ከፍሪጆቹ መሐል ቆመችና ሳቋን ስትጨርስ ገባች።

ሲስተር የሞቱትን አስነሱ። ንጉሡ የተወው ሽልማት አንድ ቀበቶ ነበር፤ ለታጠቀው ሰው አምስት ነጥብ ግርማ ሞገስ ይጨምራል። ሁሉም ያለ ክርክር ለምላጭ ሰጡት። ጺሙ በጣም ትንሽ፣ እንደ ክብሪት፣ በራ።

ወሬው ተዛመተ። ሌሎች ቡድኖች ሲስተርን ለመዋስ መለመን ጀመሩ፤ እሳቸውም የተራ ሰንጠረዥ አወጡ፣ አምስት ደቂቃ የዘገየውን አሰናበቱ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ የማያውቁትን ተዋጊ «ካርድህን ይዘህ ና» ብለው መለሱት። ጄሶው ተፈትቶ ወደ ፎቃቸው ከተመለሱ በኋላም እሑድ እሑድ ከልጃቸው ቤት አይጠፉም ነበር።

ከእነዚህ እሑዶች በአንዱ ልጃቸው ሦስተኛ ወንበር ጎትታ በመሐላቸው ተቀመጠች። «ለእኔም አንድ አውጡልኝ» አለች።

«ፈዋሽ!» አሉ እናት። «ጋሻ ያዥ!» አለ ባል። በአንድ አፍ ነበር የተናገሩት።

እሷ ዝርዝሩን እያየች ወርዳ ወርዳ፣ ማንም የማይመርጠውን አንዱን ክላስ ያዘች፤ መልእክተኛ ይባላል። መሣሪያ እንኳ የለውም። መቶውንም ነጥብ ፍጥነት ላይ አደረገችው።

«አይሆንም!» አሉ ሲስተር። «ሁሉን አንድ ቦታ ማፍሰስ እኮ በሽታ ነው፤ አንተ ንገራት!»

«ተዉኝ» አለች ልጃቸው። «ሳምንቱን ሙሉ ከአርባ በላይ እንዳልነዳ፣ በየመቶ ሜትሩ እንድቆም፣ ‹ቀበቶ! ቀበቶ!› እያልኩ እንድለምን የታዘዝኩ ሰው ነኝ። ዛሬ እሄዳለሁ።»

ሄደችም። አዳራሾቹን እንደ ነፋስ አለፈቻቸው፤ ጠባቂዎቹ ዞረው ሳይጨርሱ እሷ የለችም። ንጉሡ ሊነሳ እጁን መሬት ላይ ሲያስደግፍ በእግሮቹ መሐል ሾለከችና ከዙፋኑ በስተጀርባ ማንም አይቶት የማያውቀውን ትንሽ በር ገፍታ ወጣች። በሩ የሚያወጣው ወደ ባሕር ዳርቻ ነው። አሸዋ፣ ሞገድ፣ አንድ የተገለበጠ ጀልባ። ጠላት የለም፤ ሽልማት የለም።

«እዚያ ምን ይሠራል?» አሉ ሲስተር።

«ምንም።»

ሁለቱም ሊያዩ ተከተሏት፤ ግማሽ ሰዓት ፈጀባቸው። ቲቸርና ምላጭም ወሬውን ሰምተው መጡ። አምስቱም ጀልባው ላይ ተደርድረው ተቀመጡ። ሲስተር በልማድ የአምስቱንም ቀይ መስመር ከላይ እስከ ታች አዩ፤ ሁሉም ሙሉ ነው። የተረኛንም የፈውስ በትር አሸዋው ላይ አስቀመጡ።

ምላጭ እግሩን ውሃው ውስጥ ሊነክር ወረደና ሸርጣን ነከሰው።

«ሲስተር!» ብሎ ጮኸ።

ሲስተር አንገታቸውን አውጥተው አዩት። «አይገድልም» አሉ፣ ሳይነሱ።